ዘይላን ሳይጠቅሱ ሐረርን ማስጎብኘት

ሐረርን ለእንግዳ የሚያስጎበኝ ሰው የሚናገረው ታሪክ ከሞላ ጎደል የታወቀ ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያሠሩትን የጁገል ግንብና በሮቹን ያሳያል፤ ከተማይቱ በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ መስፈሯን፣ በግንቡ ውስጥም 82 መስጊዶችና ከ100 የሚበልጡ የአውልያ ሥፍራዎች መኖራቸውን ያስረዳል። ከፈረስ መጋላ በመኪና ግርግር በኩል እንግዳውን ይዞ ይወርዳል፤ በፈረንሳዊው ገጣሚ በአርተር ራምቦ ስም የሚጠራውን ራምቦ ቤትንና ሸሪፍ ሙዚየምን ያሳያል፤ አንድ የሐረሪ ባህላዊ ቤት ያስገባል፤ ሲመሽም ከግንቡ ውጭ ጅብ ወደሚመገብበት ቦታ ያደርሳል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ሁሉም ሊነገር የሚገባው ነው። ሆኖም ይህች ከተማ ለዘመናት የከበረችበት የንግድ መንገድ ወዴት ያደርስ እንደነበር፣ በዚያም መንገድ ከቡናውና ከዝሆን ጥርሱ ጋር ሰው እየተነዳ ለባሕር ይቀርብ እንደነበር በጉብኝቱ ውስጥ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም።

እኔ የድሬዳዋ ነዋሪ ነኝ። ወዳጆቼንና የወዳጆቼን እንግዶች ይዤ የደንገጎን ዳገት ወጥቼ ሐረር መግባት የቆየ ልማዴ ነው፤ ከተማይቱንም አጥብቄ እወዳታለሁ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው የሐረርን ስም ለማጉደፍ ፈልጌ አይደለም። ሐረር ይህን ታሪክ ለመናገር የሚያስፈልጋት ነገር በእጇ ያለ፣ አዲስ ሐውልት እንኳ ሳታቆም አሁን ባለው የጉብኝት መንገድ ላይ ልትናገረው የምትችል ከተማ መሆኗን ስለማምን ነው። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ስለ ዘይላ ልናገር፤ ያለ ዘይላ የሐረር ታሪክ ጎዶሎ ነውና። ዘይላ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳር፣ ከጅቡቲ ድንበር ብዙም ሳትርቅ፣ ዛሬ በሶማሌላንድ ውስጥ የምትገኝ አነስተኛ ከተማ ናት። ሞሮኳዊው ተጓዥ ኢብን ባቱታ በ1331 ገደማ ሲደርስባት ትልቅ የንግድ ከተማ ነበረች፤ ይሁን እንጂ በዓሣው ሽታና በየመንገዱ በሚታረደው የግመል ደም ተማርሮ፣ ባሕሩ እየተናወጠ እንኳ ሌሊቱን በመርከብ ላይ ማሳለፍን እንደመረጠ ጽፏል። የአዳል መንግሥት ሲያብብ ዘይላ ወደቡ ነበረች፤ በ1520 መናገሻው ወደ ሐረር ከተዛወረ በኋላም ሁለቱ ከተሞች ሳይለያዩ ኖረዋል። ሐረር የደጋውን ሀብት ትሰበስባለች፤ ዘይላ ወደ የመን፣ ወደ ሒጃዝና ወደ ሕንድ ታሻግራለች። ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ቆዳ ይወርዳል፤ ጨርቅ፣ ብረት፣ መዳብና ኋላም ጠመንጃ ይወጣል። መንገዱ ረጅምና አስቸጋሪ ነበር፤ አርተር ራምቦ በ1880 መጨረሻ ሐረር ሲገባ የሶማሌን በረሃ በፈረስ ለማቋረጥ ሃያ ቀን እንደፈጀበት ለቤተሰቡ ጽፏል። በባርነት የተያዙት ሰዎች ይህንኑ በረሃ፣ አብዛኞቹ ገና ሕፃናት ሆነው፣ በእግራቸው ይሄዱ ነበር።

የድሬዳዋ ልጅ በመሆኔ ከዚህ መንገድ ላይ አንድ ቦታ በተለይ ልቤን ይነካዋል። ጀልዴሳ ዛሬ በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር ያለች የገጠር ቀበሌ ናት፤ በከተማችን ስሟ የሚነሣው ስለ ከብት ወይም ስለ ጎርፍ ሲወራ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግን ከዘይላ የሚመጣ ነጋዴ ሁሉ የሚያርፍባት፣ ከቆላው የመጣው ግመል ጭነቱን አራግፎ ወደ ሐረር ተራራ ለሚወጣው በቅሎና አህያ የሚያስረክብባት ጣቢያ ነበረች። የባቡሩ ሐዲድ ተራራውን ሽሽት ሐረርን ትቶ በ1902 ድሬዳዋ ሲደርስ፣ አዲስ ሐረር ተብላ የተቆረቆረችው የእኛ ከተማ የጀልዴሳን ሥራ ወሰደች፤ ጅቡቲም የዘይላን ሥራ ወሰደች። ዘይላ ከዚያ በኋላ እየደከመች ሄደች። አሮጌው መንገድ ከዓይን ሲጠፋ በመንገዱ የሆነውም አብሮ ከንግግራችን የጠፋ ይመስለኛል።

የሰው ንግዱን ከጻፉት መካከል በሐረር ጉብኝት ላይ ስሙ የማይቀረው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ነው። በርተን የአረብ ነጋዴ መስሎ በኅዳር 1854 መጨረሻ ከዘይላ ተነሣ፤ ጥር 3 ቀን 1855 ሐረር ገባ፤ አሥር ቀን ያህልም ቆየ። አስጎብኚዎቻችን ይህን በደንብ ይናገራሉ፤ ለባዕድ ዝግ የነበረችውን ከተማ አይቶ የተመለሰ የመጀመሪያው አውሮፓዊ እያሉ ያስተዋውቁታል። ሰውየው ግን በዚያው ጽሑፉ ሐረር ከየም፣ ከጉራጌ፣ ከአላባና ከኦሮሞ ምድር ተይዘው ለሚመጡ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ የመንገድ አጋማሽ ማረፊያ እንደነበረች ጽፏል። በርተን ስለ ሕዝባችን ብዙ የንቀት ቃል የጻፈ ሰው መሆኑን አውቃለሁ፤ ቃሉን ሁሉ እንደ ወንጌል መቀበል አይገባም። ነገር ግን ለከተማይቱ ዝና ምስክር አድርገን የምንጠራውን ሰው፣ በዚያው ገጽ ላይ የመሰከረውን ሌላውን ነገር ብቻ ነጥለን መተዋችን ልክ አይደለም።

ከእነዚህ ጉብኝቶች በአንደኛው አንዲት ከአሜሪካ የመጣች ጥቁር እንግዳ አብራን ነበረች። ከዚህ በፊት ጋና ሄዳ ባሮች ወደ መርከብ ይጫኑበት የነበረውን የኤልሚናን ምሽግ አይታለች። ሴቶች ጫታቸውንና አትክልታቸውን ዘርግተው፣ አህዮች ባዶ ጆንያ ተጭነው በሚወጡበት በኤረር በር ቆመን ሳለ፣ "የባሪያ ነጋዴዎችስ በየትኛው በር ነበር የሚያልፉት?" ብላ ጠየቀች። አስጎብኛችን ጎበዝና ትሑት ወጣት ነበር፤ ጥያቄው ሲደርስበት ግን ፊቱ ተለወጠ፤ "እዚህ እንደዚያ ያለ ነገር አልነበረም" አላትና ወሬውን ወደ ግንቡ ድንጋይ አዞረው። በኋላ እንግዳይቱ ፎቶግራፍ ልታነሣ ራቅ ስትል ወደኔ ጠጋ ብሎ፣ "ጋሼ፣ መኖሩን መች አጣሁት፤ ግን በሥልጠናችን ላይ ማንም አልነገረን፤ እኔ ከራሴ ብናገር ደግሞ የማን ዘር ሸጠ፣ የማን ዘር ተሸጠ ወደሚል ጭቅጭቅ ይወስደኛል" አለኝ። ልጁ የተናገረው የአገር ችግር ነው። በዚያች ቅጽበት የፈራው ውሸት ለመናገር ፈልጎ አልነበረም፤ እውነቱን ተናግሮ ብቻውን እንዳይቀር ብሎ ነው።

ፍርሃቱ መሠረት አለው። በሴኔጋሉ ጎሬ ደሴት ወይም በኤልሚና ታሪኩን የሚናገረው ሰው ባሪያ የገዛውን ከባሕር ማዶ የመጣ ነጭ አድርጎ መጀመር ይችላል። በእኛ ዘንድ ግን የያዘውም፣ የነዳውም፣ ቀረጥ የቆረጠውም፣ የገዛውም፣ የተሸጠውም የዚሁ ምድር ሰው ነው፤ ልጆቻቸውም ዛሬ በአንድ ገበያ ይገበያያሉ። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጦርነቶች ከክርስቲያኑም ከሙስሊሙም ወገን ምርኮ ወደ ባሕር ወርዷል። ግብፆች በ1875 በራኡፍ ፓሻ መሪነት ሐረርን ሲይዙና በ1877 ከእንግሊዝ ጋር የባሪያ ንግድን ለማጥፋት ሲዋዋሉ ንግዱ በወረቀት ተከለከለ፤ በተግባር ግን መንገዱን እየቀየረ፣ በዛሬዋ ጅቡቲ ወዳለችው ወደ ታጁራና ወደ ሌሎች የአፋር ጠረፎች እያደላ ቀጠለ። የዘይላ ገዥ የነበሩት አቡበከር ፓሻ ራሳቸው በዚህ ንግድ የታወቁ ነበሩ። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በ1876 ንግዱን የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል፤ ይሁን እንጂ በእርሳቸው ዘመን ወደ ደቡብ የተደረጉት ዘመቻዎች ስፍር ቁጥር የሌለው ምርኮ አስከትለዋል። እንግዲህ ከእነዚህ ወገኖች የአንዱን ብቻ ስም አንሥቶ ጣት መቀሰር የሚፈልግ ሰው ታሪኩን አያውቀውም፣ ወይም አውቆ እያጎደለው ነው። አስጎብኚው ሁሉንም በአንድነት ቢናገር ያ የሚፈራው ጭቅጭቅ መነሻ ያጣል ብዬ አምናለሁ፤ ጭቅጭቁን ያሳደገው ዝምታው ነው።

ሐረር የራሷን ሐዘን ማስታወስ የማታውቅ ከተማ ብትሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አልልም ነበር። የሐረሪ ቤት የገባ ሰው ይህን ያውቃል። ጫማውን አውልቆ ሲገባ መደብ መደብ ሆኖ ወደ ላይ የሚወጣው ነደባ ይቀበለዋል፤ የአሚር ነደባ፣ ግድር ነደባ፣ ጢት ነደባ እየተባለ ለእያንዳንዱ እንደ ዕድሜውና እንደ ክብሩ መቀመጫ ተለይቶለታል። ግድግዳው ላይ ሰሐኑና በቀለም የተዋበው ስፌት ተደርድሯል፤ ወለሉና የነደባው ፊት በቀይ አፈር ተለቅልቋል። የቤቱ ባለቤት ስለ ቀዩ ቀለም ሲጠየቁ፣ በ1887 ከምኒልክ ጦር ጋር በጨለንቆ ሲዋጉ ለወደቁት መታሰቢያ ነው ይላሉ። እንግዳ ሁሉ እዚህ ላይ ዝም ይላል፤ ማስታወሻውን አውጥቶ ይጽፋል። ማንም ተነሥቶ "ይህን ማንሣት የቆየ ቁስል መንካት ነው" አይልም። በቤቷ ወለል ላይ ሐዘኗን ይዛ የምትኖር ከተማ፣ በበሮቿ አልፈው ስማቸው ሳይጻፍ የቀሩትን ልጆች ሐዘን የምትይዝበት ቦታ ታጣለች ማለት አይቻልም።

ራምቦ ቤትም እንዲሁ ነው። ያ ባለ እንጨት ፎቅ፣ ባለ ቀለም መስተዋት ቤት የተሠራው ገጣሚው ከሞተ በኋላ መሆኑን፣ ያሠራውም ሕንዳዊ ነጋዴ መሆኑን አስጎብኚዎች አይደብቁም፤ ይህን ግልጽነታቸውን አከብራለሁ። ከላይ ያሉት አሮጌ ፎቶግራፎች የሐረርን ገበያና ነዋሪ የሚያሳዩ ድንቅ ሰነዶች ናቸው። ነገር ግን ራምቦ በታኅሣሥ 1889 ከሐረር በሸዋ ለነበረው ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ በጻፈው ደብዳቤ አንዲት ጥሩ በቅሎና ሁለት ወንድ ልጅ ባሪያዎች እንዲፈልግለት ጠይቋል። ኢልግ በ1890 በሰጠው መልስ እንዲህ ያለ ግዢ ፈጽሞ እንዳላደረገና መጀመርም እንደማይፈልግ ነገረው። ከዚህ ደብዳቤ ተነሥቶ ራምቦን ትልቅ የባሪያ ነጋዴ ማድረግ ማጋነን ነው፤ ለዚያ የሚበቃ ማስረጃ የለም። ነገር ግን ከበቅሎ ጋር በአንድ መስመር ላይ ሁለት ሕፃናትን ማዘዝ የሚቻልበት ከተማና ዘመን እንደነበር ደብዳቤው በግልጽ ያሳያል። ሁለት ወዳጆች አንዱ ሲጠይቅ ሌላው እምቢ ማለቱ፣ በዚያን ዘመንም ቢሆን ነገሩን ነውር ነው ብሎ የሚያይ ሰው እንደነበር ያስረዳናል። ደብዳቤው በግድግዳው ላይ ቢሰቀል የቤቱ ክብር አይቀንስም።

በሸሪፍ ሙዚየም ደግሞ ጎብኚው በእጅ የተጻፉትን ቁርዓኖች፣ የአሚሮቹን ሳንቲሞችና ጌጣጌጡን ያያል። ሙዚየሙ ያለበት ሕንፃ የራስ ተፈሪ ቤት ተብሎ የሚታወቀው ነው። ከሐረር ብዙም በማይርቀው በኤጀርሳ ጎሮ በ1892 የተወለዱት፣ በ1910 የሐረር ገዥ ሆነው የተሾሙት ተፈሪ መኮንን፣ ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል በሆነችበት በ1923 ሰው የሚሸጥ በሞት እንዲቀጣ የሚያዝ አዋጅ እንዲወጣ አደረጉ፤ በመጋቢት 1924 በባርነት ያሉት ቀስ በቀስ ነፃ የሚወጡበት አዋጅ ተከተለ፤ በ1932 ጉዳዩን የሚከታተል መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው ግን በ1942 ነው። ይህን ቅደም ተከተል ያስተዋለ ሰው አንድ ነገር ይረዳል፤ አያቶቻችን በሕይወት ያዩት ነገር ነው። ጉዳዩ የመካከለኛው ዘመን ተረት አይደለም። እንግዳው በዚያ ሕንፃ ደረጃ ላይ ቆሞ ይህን ቢሰማ ቦታውና ነገሩ ይገጥማሉ።

ሌሎች የባሕር ዳር ከተሞች ያደረጉትን ማየት ይጠቅማል። በዛንዚባር የባሪያ ገበያው በ1873 ሲዘጋ በቦታው ላይ የአንግሊካን ካቴድራል ተሠራ፤ ከ1998 ጀምሮ በግቢው ውስጥ በሰንሰለት የታሰሩ አምስት ሰዎችን የሚያሳይ ሐውልት ከመሬት ዝቅ ባለ ጉድጓድ ውስጥ ቆሟል። በቤኒን የምትገኘው ዊዳህ ከከተማው እስከ አሸዋው ዳር አራት ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን መንገድ በሐውልቶች አስጊጣ፣ በመጨረሻው ላይ በ1995 "መመለሻ የሌለው በር" የተባለውን መታሰቢያ አቁማለች። ፖርቱጋሎች በ1482 መሥራት የጀመሩት የጋናው ኤልሚና ምሽግ ከ1979 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ ከአሜሪካና ከካሪቢያን የሚመጡ የተሸጡት ሰዎች ዘሮች እያለቀሱ የሚገቡበት ቦታ ሆኗል። እነዚህ ከተሞች አስቸጋሪውን ታሪካቸውን በመናገራቸው እንግዳ አልሸሻቸውም፤ እንዲያውም እንግዳው የሚመጣው በዚሁ ምክንያት ነው። ባለፉት የወረርሽኝና የጦርነት ዓመታት ጎብኚ የራቃቸው የሐረር አስጎብኚዎች ይህን ቢያስቡበት ክፉ አይመስለኝም፤ ዋናው ምክንያት ገቢው ባይሆንም።

ከእነዚሁ ከተሞች መጠንቀቅን መማርም ያስፈልጋል። በጎሬ ደሴት የሚገኘው የባሮች ቤት ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ቦታ ነው፤ መሪዎችና ሊቃነ ጳጳሳት ሳይቀሩ ጎብኝተውታል። የታሪክ ምሁራን ግን በዚያ ቤት በኩል አለፉ ተብሎ የሚነገረው የሰው ብዛት እጅግ የተጋነነ ነው ብለው ተከራክረዋል። የተጋነነ ቁጥር ሲጋለጥ እውነተኛውም መከራ አብሮ ይጠረጠራል። ስለዚህ በሐረር የባሪያ ገበያ እዚህ ነበር ብሎ በማስረጃ ያልተረጋገጠ ጥግ ላይ ሰሌዳ መትከል፣ ወይም ለቱሪስት ተብሎ ሰንሰለት አንጠልጥሎ ማሳየት አያስፈልግም፤ ይህን ከሚያደርጉት ጋር አልቆምም። የበርተን ቀን፣ የራምቦ ደብዳቤ፣ የአዋጆቹ ዓመታትና የመንገዱ አቅጣጫ በሰነድ የተረጋገጡ ናቸው። ከእነርሱ በላይ ጌጥ አያሻም።

ከሁሉ በላይ ልብ የሚነካው ግን በዚህ ጠረፍ የተሻገሩት ሰዎች ታሪክ ነው፤ አንዳንዶቹ ስማቸው አልጠፋም። ማሊክ አምባር በ1548 ገደማ በኢትዮጵያ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ተሸጦ፣ በየመንና በባግዳድ በኩል ሕንድ የደረሰ ሰው ነው። በደካን ነፃነቱን አገኘ፣ የጦር አለቃ ሆነ፣ የአሕመድናጋርን መንግሥት በእጁ አስገብቶ የሙጋሎችን ጦር ለዓመታት መከተ፤ በ1610 የቆረቆራት ካድኪ በኋላ አውራንጋባድ ተብላ ታላቅ ከተማ ሆነች። በአሕመዳባድ ያለው፣ በመስኮቶቹ የድንጋይ ጥልፍ ዓለም የሚያደንቀው የሲዲ ሰይድ መስጊድም በ1573 ገደማ የተሠራው በአንድ ሐበሻ ሰው ነው። ሲዲ የሚባሉት ከአፍሪካ የሄዱ ሰዎች ዘሮች ዛሬም በጉጃራትና በካርናታካ አሉ። ከእነርሱ አንዱ ሐረር ቢመጣ ምን እንነግረዋለን? ቡናችን ጣፋጭ ነው እንለው ይሆናል፤ እርሱ ግን የመጣው የአያቶቹን መንገድ ሊጠይቅ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ከዚህ ይቀርባል። በመስከረም 1888 ኦስፕሬይ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ከአፋር ጠረፍ ወደ አረቢያ የሚሻገሩ ጀልባዎችን ይዛ 200 ያህል የኦሮሞ ልጆችን አስጣለች። ልጆቹ ወደ ኤደን ተወሰዱ፤ ከእነርሱ 64ቱ በ1890 በደቡብ አፍሪካ ወደሚገኘው ወደ ላቭዴል የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተላኩ። እዚያም እያንዳንዳቸው ከየት እንደተያዙ፣ ስንት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ እንደተሸጡ፣ ወላጆቻቸው ምን እንደሆኑ ተጠይቀው የሰጡት ቃል ተጽፎ ተቀመጠ። በአፍሪካ ቀንድ በባርነት የተያዙ ሕፃናት በራሳቸው አንደበት የተናገሩትን እንዲህ በብዛት የያዘ ሰነድ ማግኘት ብርቅ ነው። ጥቂቶቹ አድገው ወደ አገራቸው ተመልሰዋል፤ ሌሎቹ በዚያው ቀርተው ወልደዋል። ከልጆቹ አንዷ ቢሾ ጃርሳ ትባላለች፤ የልጅ ልጇ ኔቪል አሌክሳንደር ነው። ይህ ሰው አፓርታይድን ታግሎ አሥር ዓመት በሮበን ደሴት የታሰረ፣ በኋላም ለአፍሪካ ቋንቋዎች መብት የተከራከረ ታላቅ ምሁር ነበር፤ በ2012 ዐርፏል። ስሙ በደቡብ አፍሪካ የታወቀ ነው፤ አያቱ በበረሃ የተነዱበት ጠረፍ ቅርብ በሆነባት በእኛ ድሬዳዋ ግን ለተማሪዎች ስጠቅሰው የሰማው አላገኘሁም።

እነዚህ ልጆች የሄዱት በአብዛኛው በታጁራ በኩል በሚወርደው መንገድ ነው፤ በሐረር በሮች አለፉ ማለት አልችልም። መንገዶቹ ግን በየጊዜው የሚቀያየሩ፣ ክልከላ በአንዱ ሲጠብቅ በሌላው የሚፈሱ የአንድ ንግድ ጅረቶች ነበሩ። ዘይላን፣ ታጁራን፣ ሐረርንና ጀልዴሳን ነጣጥሎ መንገር የማይቻለውም ለዚህ ነው። ታጁራ ዛሬ በነጫጭ ቤቶቿና በመስጊዶቿ ጎብኚ ትጠራለች፤ ዘይላ ፍርስራሿን ይዛ ተቀምጣለች፤ ሐረር በግንቧ ትኮራለች፤ ጀልዴሳ ደግሞ ከአቧራና ከግራር በቀር የምታሳየው የለም። አራቱን በአንድ ታሪክ የሚያያይዝ ጉብኝት ድንበርና ፈቃድ ስለሚያስፈልገው በቅርብ የሚሆን አይመስለኝም። ጀልዴሳ ግን ድንበር የላትም፤ ከድሬዳዋ ጠዋት ወጥቶ ከሰዓት መመለስ ይቻላል። እዚያ የሚቆም አንድ ሰሌዳ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪና በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ የመንገዱን ስምና በመንገዱ ያለፉትን ሰዎች ምንነት የሚናገር፣ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የአካባቢው ሽማግሌዎች ሳይጠየቁና ሳይስማሙ ግን መተከል የለበትም፤ የተሸጡትም የሸጡትም ቤተሰቦች በዚያው ሊኖሩ ይችላሉና በሰሌዳው ላይ የጎሣ ስም ለውርደት እንዳይውል ጥንቃቄ ያሻል።

ያ ወጣት አስጎብኚ ከዚያ ቀን በኋላ ደውሎልኝ፣ ለእንግዳ ሊናገረው የሚችል፣ ምንጩ የታወቀ አጭር ጽሑፍ እንዳዘጋጅለት ጠየቀኝ። የበርተንን ምስክርነት፣ የራምቦን ደብዳቤና የኢልግን መልስ፣ የአራቱን ዓመታት ሕግጋት፣ የማሊክ አምባርንና የላቭዴል ልጆችን ታሪክ በሁለት ገጽ አድርጌ ሰጥቼዋለሁ። አንብቦ ሲመለስ ያቀረበው ቅሬታ አንድ ብቻ ነበር፤ በሐረር ቤቶች ውስጥ በባርነት ሲያገለግሉ ስለኖሩትና እዚሁ ስለቀሩት ሰዎች አንድም መስመር የለበትም አለኝ። እውነቱን ነው፤ እስካሁን የሰበሰብኩት ሁሉ ባሕር የተሻገሩትን የሚመለከት ነው። አሁን በጁገል ያሉ አዛውንት እናቶችንና አባቶችን፣ ፈቃዳቸው ከሆነ፣ ስም ሳይጠቀስ እየጠየቅን ነው፤ ሦስተኛውን ገጽ የሚሞላው የእነርሱ ቃል ይሆናል።